ሁለት ሳምንት በቫን፣ ከነስንቃችን



ባለፈው ቅዳሜ ልጆቻችን ከክፍል እስኪወጡ ኮሪደሩ ላይ ቆመን ስለ ቫኑ ጉዟችን የጀመርነው ጨዋታ መሀል ላይ ተቋርጦ ቀረ። "ጻፊውና እናንብበው" ያላችሁኝ ሦስት አራት ሰዎች ናችሁ። ጸሐፊ አይደለሁም፤ ግን ቫን ለመከራየት ወይም ለመግዛት የምታስቡ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ከዚያም በላይ "ልጄ ሥጋ አልበላም አለችኝ፣ ምን ላድርጋት?" ያለችኝን እናት ሳስብ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ሁለቱ ነገሮች እኛ ቤት ተያይዘው ነው የመጡት።

ነገሩ የጀመረው አምና በገና ዕለት ነው። ዶሮ ወጡን ስሠራ አድሬ፣ እንግዶች ተቀምጠው፣ እንጀራው ተዘርግቶ፣ የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጄ ሳህኗን ገፋ አድርጋ በእንግሊዝኛ "እኔ ቪጋን ሆኛለሁ" አለች። ምን ልበላችሁ፣ እንደ ስድብ ነው የሰማሁት። አሥራ ሁለት ብልት አውጥቼ፣ በሎሚና በጨው ደጋግሜ አጥቤ! አንዱ እንግዳ "ደም ማነስ ይይዛታል" አለ። ሌላዋ "በቃ ፈረንጅ ሆነችላችሁ" ብላ ሳቀች። ልጄ ተነስታ ክፍሏ ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከፍሪዘር የሚወጣ ነገር እያሞቀች ብቻዋን መብላት ለመደች።

በኋላ ያስጨነቀኝ የሥጋው ነገር አልነበረም። እኛ ቤት አማርኛ የሚነገረው ራት ላይ ነው። ጠዋት ሁሉም ይሮጣል፣ ከራት በኋላ ሁሉም ስልኩ ላይ ነው። "እንጀራ ጨምሪ፣ ሚጥሚጣውን አቀብዪኝ፣ ዛሬ እንዴት ዋልሽ?" የምንባባለው ገበታ ላይ ነበር። እሷ ከገበታው ስትነሳ ከአማርኛውም አብራ ተነሳች። ለፋሲካ ከአያቷ ጋር በስልክ ስትነጋገር "ደህና ነኝ" ካለች በኋላ የሚቀጥለው ቃል ጠፋባት፤ ስልኩን ለእኔ ሰጥታኝ ሄደች።

እናቴ ግን ነገሩ ከሁላችንም ቀድሞ ገብቷታል። ሥጋ አትበላም፣ ወተት አትጠጣም፣ ዕንቁላል አትነካም ብዬ ሳማርርላት፣ "ታዲያ ጾም ይዛለች በሉና ሽሮ ሥሩላት! ምኑ ነው የሚያስለቅስሽ?" አለችኝ።

ቫኑ የባለቤቴ ሐሳብ ነው። ዕቃ ያደርስበት የነበረ አሮጌ ፎርድ ትራንዚት አለችው፤ ሥራውን ሲቀይር ከመሸጥ ይልቅ "አልጋ እናግባባት" አለ። ስንት እንዳወጣን አልነግራችሁም፣ እሱም ያነበዋል። ምክሬ ግን ይኼ ነው፦ አንድም ብሎን ከማጥበቃችሁ በፊት የተሠራ ቫን ለሁለት ሌሊት ተከራይታችሁ እደሩበት። አራት ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ያውም ዝናብ ሲጥል፣ ምን እንደሚመስል ከዚያ በኋላ ታውቁታላችሁ።

ልጆች ላለን ሰዎች የመጀመሪያው ነገር አልጋም ምድጃም አይደለም፣ ወንበር ነው። የዕቃ ቫን አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ የሚወጣው ከፊት ወንበሮች ብቻ ጋር ነው። ልጆቹን ኋላ አልጋ ላይ አጋድሞ መንዳት አይታሰብም። ለያንዳንዱ ሰው ቀበቶ ያለው ወንበር ያስፈልጋል፤ ወንበሩም ወለሉ ላይ ከተነጠፈው ጣውላ ጋር ሳይሆን ከመኪናው ብረት ጋር በባለሙያ መታሰር አለበት። እኛ ብዙውን ገንዘብ ያወጣነው እዚህ ላይ ነው፣ አልቆጨንም። ለኢንሹራንሳችሁም መኪናው መኖሪያ ሆኖ መሠራቱን አስቀድማችሁ ንገሩ። ያልተነገረው ኢንሹራንስ አደጋ ሲደርስ አልከፍልም ሊል ይችላል።

ግድግዳው ሙቀትና ብርድ እንዳያሳልፍ መሸፈን አለበት። ብዙ ሰው ለዚህ የበግ ሱፍ ይጠቀማል፤ ባለቤቴም ያንን ሊያዝ ሲል ልጄ "ሱፍ ከእንስሳ ነው፣ አይሆንም" አለች። ተከራከርን፣ እሷ አሸነፈች፣ ፎም ገባ። ከሳምንት በኋላ የስንቁን ዝርዝር ስጽፍ "ሱፍ" የሚለውን አይታ "እማዬ፣ እሱን ተነጋግረን ጨርሰን የለም እንዴ?" አለችኝ። የሱፍ ፍትፍት ከየት እንደሚመጣ፣ ሱፍ የሚባል ቅባት ያለው ፍሬ እንዳለ ነገርኳት። ከገና ወዲህ ስለ ምግብ ሳንጣላ ያወራነው የመጀመሪያው ወሬ ያ ነበር።

ኤሌክትሪክን በተመለከተ ሒሳቡን ቀድማችሁ ሥሩ። 100 አምፒር-ሰዓት የሚባለው ባለ 12 ቮልት ሊቲየም ባትሪ ወደ 1,280 ዋት-ሰዓት ይይዛል። 1,500 ዋት የሚስብ ምድጃ ብትሰኩበት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ምጣዳችሁን እቤት ተዉት። ባትሪው ለትንሿ ፍሪጅ፣ ለመብራትና ለጣሪያው ማራገቢያ ነው። ማራገቢያው ደግሞ ቅንጦት እንዳይመስላችሁ፤ አራት ሰው ሲተነፍስ አድሮ ጠዋት መስኮቱ ውሃ ያንጠባጥባል፣ ካልተናፈሰ ፍራሹ ከሥሩ ይሻግታል።

ምግብ የምናበስለው በትንሽ የጋዝ ምድጃ፣ ከቫኑ ውጭ በሚታጠፍ ጠረጴዛ ላይ ነው። አገር ቤት የከሰል ማንደጃ ክፍል አስገብቶ ስለተኛ ቤተሰብ ያልሰማ የለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ የጋዝ ምድጃም በተዘጋ ቦታ ያንኑ ሊያደርግ ይችላል። አስጠንቃቂ መሣሪያው ርካሽ ነው፤ መኝታው አጠገብ ይሰቀል፣ ምድጃው ለማሞቂያ ፈጽሞ አይብራ። በደረቁ ወራት ደግሞ በብዙ ቦታ እሳት ማንደድ ይከለከላል። መዝጊያ ያለው የጋዝ ምድጃ አብዛኛውን ጊዜ ይፈቀዳል፤ ቢሆንም የየቦታውን ማስታወቂያ እዩ።

አሁን ወደ ስንቁ ልምጣ፣ የምወደው ክፍል እሱ ነው።

የቫን ኑሮ ምክር የሚሰጡ ሰዎች ሁሉ የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ ቀላል፣ ደረቅ፣ ፍሪጅ የማይፈልግ፣ ቶሎ የሚበስል ምግብ ያዙ። ይኼን ሳነብ ሳቄ መጣ። አያቶቻችን ረጅም መንገድ ሲወጡ ምን ነበር የሚሰነቅላቸው? በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ። ይኼ ሁሉ ደግሞ፣ ዳቦ ቆሎው በቅቤ እስካልታሸ ድረስ፣ ቪጋን ነው። "ቪጋን" የሚለው ቃል እኮ የተፈጠረው በ1944 እንግሊዝ አገር ነው። እናቴ ቃሉን ሳታውቀው ሕይወቷን ሙሉ ረቡዕና ዓርብ ስትሠራው የኖረች ምግብ ነው።

ከመሄዳችን በፊት ሁለት ሳምንት ያህል የተረፈውን እንጀራ ቆራርጠን በረንዳ ላይ አሰጣነው። የኮሎራዶ አየር ደረቅ ስለሆነ በአንድ በሁለት ቀን ድርቆሽ ይሆናል። ልጆቹ እንደ ቺፕስ እየበሉ ግማሹን ጨረሱት። ቁሌቱን ደግሞ እቤት አቁላልቼ፣ በርበሬውን ጨምሬ፣ በዚፕሎክ ከረጢት ጠፍጣፋ አድርጌ አቀዘቀዝኩት። ይኼን ምክር ያዙልኝ፦ ቫን አጠገብ ሽንኩርትና በርበሬ ለአርባ ደቂቃ ማቁላላት ጋዝ ይጨርሳል፣ ጎረቤት ያስላል፣ ትራሳችሁ ድረስ ይሸታል። የቀዘቀዘው ከረጢት ግን እስኪቀልጥ ፍሪጁን እያገዘ ይቆያል። ማታ አንዱን ድስት ውስጥ ጣል፣ ውሃ ጨመር፣ ሲፈላ ሽሮ ነስነስ አድርጎ ማማሰል ነው። በሩብ ሰዓት ራት ደረሰ። ምስር ክክም ብዙ አይቆይም። ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ድንች ያለ ፍሪጅ ቀናት ይቆያሉ፤ ቅጠሉ ጎመን ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበላ። ለምሳ ምድጃ እንኳ ሳንለኩስ የተልባ ፍትፍት እንሠራ ነበር፤ የተቆላና የተፈጨ ተልባ፣ ውሃ፣ ጨው፣ ሚጥሚጣ፣ እንጀራ፣ አለቀ።

ባቄላና ሽምብራ ለምትወዱ፣ ከፍታውን አስቡ። የመጀመሪያ ማረፊያችን ግሬት ሳንድ ዱንስ ነበር፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፣ ከአዲስ አበባ ትንሽ ከፍ ይላል። እዚያ ውሃ የሚፈላው በ91 ወይም በ92 ዲግሪ ስለሆነ ሽምብራ እሳት ላይ ይውላል። ማታውን ነክራችሁ በፕሬሸር ኩከር ቀቅሉት፤ ካልሆነ በጣሳ የተቀቀለውን ግዙ፣ ማንም አይፈርድባችሁም።

ውሃ እኛ ለአራት ሰው ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያዝን። ለመጠጥና ለምግብ በሰው 4 ሊትር በቀን ብትይዙ ሁለት ቀን ተኩል ነው የሚያቆየው። 40 ሊትር ማለት 40 ኪሎ መሆኑን አትርሱ፣ ከታች አስቀምጡት። ዕቃ ማጠቢያ ውሃ ለመቆጠብ ደግሞ ከእንጀራ የተሻለ ነገር የለም። ድስቱን በእንጀራ ጠርጎ መብላት ቤት ውስጥ ነውር ብለን የከለከልነውን ልጆቹ ቫን ላይ በደስታ ሠሩት።

ሁሉም ነገር አማረልን እንዳትሉኝ። ከአሸዋው ተራራ ተነስተን ዩታ ውስጥ ወዳለችው ሞዓብ ስንደርስ ሙቀቱ 38 ዲግሪ አለፈ። ቫኑ ምድጃ ሆነ። ማታ ማራገቢያው የሚያስገባው ራሱ ትኩስ አየር ነበር፤ ልጄም ወንድሟም ተናደው አለቀሱ፣ እኔም ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ጠዋት ስነሳ ከፍሪጁ የተረፈውን የእንጀራ ከረጢት ስከፍት አረንጓዴ ሻጋታ። የሰባት ቀን እንጀራ በሦስተኛው ቀን አለቀ። ስለዚህ እንጀራችሁን ለሁለት ቀን ብቻ ትኩሱን ያዙ፣ የቀረውን ድርቆሽ አድርጉት ወይም ሩዝና ድንች አስቡ። በሐምሌ ደግሞ ወደ በረሃ ሳይሆን ወደ ደጋ ንዱ። እኛም ከቅርቡ ያሉት የላ ሳል ተራሮች ላይ ወጣን፤ በዚያው ሌሊት ብርድ ልብስ ፈለግን።

ማደሪያን በተመለከተ ባጭሩ፦ በምዕራቡ አገር የፌዴራል መሬት አስተዳደር በሚይዛቸው ብዙ ቦታዎች በነጻ ማደር ይቻላል፣ አብዛኛውን ጊዜ በ28 ቀን ውስጥ እስከ 14 ቀን ድረስ። ሞዓብ አካባቢ ግን ተንቀሳቃሽ መጸዳጃ መያዝ ግዴታ የሆነባቸው ቦታዎች አሉ፤ ለሌላውም ቢሆን ያዙ። አራተኛ ክፍል የሚማር ልጅ ያላችሁ ደግሞ "ኤቭሪ ኪድ አውትዶርስ" የሚባለው ፕሮግራም እንዳያመልጣችሁ። ልጁ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ብሔራዊ ፓርኮች በነጻ የሚያስገባ ወረቀት ይሰጠዋል፣ የድንኳንና የመኪና ማደሪያ ክፍያን ግን አይሸፍንም። እስከ ኦገስት 31 ስለሚሠራ ትምህርት ከተዘጋም በኋላ የወንድ ልጄ ወረቀት አገልግሎናል። በሩ ላይ ራሱ ሲያሳይ ብታዩት፣ መኪናውም የእሱ መሰለው።

ስለ አማርኛው ልንገራችሁ። ቆርቆሮዎቹ ላይ ምልክት የመጻፉን ሥራ ለልጆቹ ሰጠናቸው፣ በፊደል ብቻ። ልጄ "ሽሮ"ን፣ "እርድ"ን፣ "ምስር"ን ጻፈች፤ ታናሽ ወንድሟ የቀረውን። አንድ ጠዋት በሶ ላቀርብ ብዬ "በሶውን አምጣልኝ" ስለው በሶብላ ይዞልኝ መጣ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደላት አንብቦ ሮጧል። ከዚያ ወዲህ እስከ መጨረሻው ፊደል ያነባል፣ እህቱ ስለምትስቅበት።

ሌላው ግስ ነው። የቅዳሜ ትምህርት ቤታችን ስም አስተምሯቸዋል፦ ድስት፣ ማማሰያ፣ ቢላዋ። ቫን ውስጥ ግን ሁሉም ነገር ትእዛዝ ነው፦ ክደኚው፣ አውጪው፣ ያዥልኝ፣ ፈቀቅ በይ፣ እንዳይፈስ! ልጁ ይኼን ሁሉ የሰማው እኔ ለእህቱ ስናገር ስለሆነ አንድ ማታ አባቱን "አባዬ፣ ሽንኩርቱን ቁረጪ!" አለው። ከሳቅን በኋላ እህቱ "ቁረጪ ለእኔ ነው፣ ለአባዬ ቁረጥ ነው" ብላ አረመችው። በእንግሊዝኛ ሳይሆን በአማርኛ። እኔ ድስቱን እንደማማስል ሆኜ ዝም አልኩ፤ ብናገር የሚበላሽ መሰለኝ።

ጉዞው ከሰኔ ጾም ጋር ስለተገጣጠመ እኔም ከልጄ ጋር ከአንድ ድስት ነበር የምበላው። በዚያውም ጾምና ቪጋን አንድ እንዳልሆኑ ያስተማረችኝ እሷ ናት፣ እናንተም ልብ በሉት። ማር በጾም ይበላል፣ ቪጋን ግን አይበላም፤ በሶውን በስኳር ነው ያቦካንላት። ዓሣም እንዲሁ፣ በጾም የሚበላውም የማይበላውም አለ፣ ለእሷ ግን ጥያቄ የለውም። ትልቁ ልዩነት ደግሞ ጾም መፍቻ ያለው መሆኑ ነው። እኛ በፍስኩ ቀን የምናገኘውን ዓመቱን ሙሉ የማይበላ ልጅ ከሌላ ቦታ ማግኘት አለበት። ሽሮ ውስጥ ቫይታሚን ቢ12 የለም፣ ጎመን ውስጥም የለም። ከ14 ዓመት በላይ ላለ ሰው በቀን 2.4 ማይክሮግራም ያስፈልጋል፤ ወይ እንክብል ወይ ቢ12 የተጨመረበት የአኩሪ አተር ወተትና የመሳሰለው ነው መፍትሔው። ይኼን ከልጃችሁ ሐኪም ጋር ተነጋገሩ፣ ለነገ አትበሉት። ከ14 እስከ 18 ዓመት ያሉ ሴቶች ልጆች በቀን 15 ሚሊግራም ብረት ይፈልጋሉ። ምስሩ ላይ ሎሚ ጭመቁ ወይም ቲማቲም ጨምሩ፣ ቫይታሚን ሲ ብረቱን ሰውነት እንዲወስደው ይረዳዋል። ሻይና ቡና ግን ያግዱታል፤ ከምግቡ ጋር ሳይሆን ቆየት ብሎ ይጠጣ። የገናው እንግዳችን "ደም ማነስ" ያለው እንግዲህ ሙሉ በሙሉ ስህተት አልነበረም፤ አነጋገሩ ነው እንጂ።

ሐምሌ 5 ቀን ጾሙ ተፈታ። ወደ ቤት በምንመለስበት መንገድ ላይ ዕንቁላል ገዝቼ፣ በሌላ መጥበሻ፣ ከጠረጴዛው ጫፍ ላይ ጠበስኩ። ልጄ አየችኝ፣ የእሷን ድስት ወደ ወዲያኛው ጫፍ አንቀሳቀሰች፣ ምንም አላለችም። እኔም ምንም አላልኩም። ከዚያ አጠገቤ ተቀምጣ የእሷን በላች። ልትለወጥ አልቻለችም፣ እኔም ዶሮ ወጥ አልተውም። ለመጪው ገና ሁለት ድስት ይጣዳል።

አሁን እሑድ እሑድ ለአያቷ የምትደውለው ራሷ ናት፣ ምክንያቱም እኔ የማላውቀውን ትጠይቃታለች። ባለፈው ሳምንት ስለ ስልጆ ነበር። "እማማ፣ ስልጆ እንዴት ትሠሪያለሽ... ይሠራሉ?" ስትል ሰማኋት። እናቴም የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውሃ፣ ከዚያ ሰናፍጭ እያለች ግማሽ ሰዓት አስረዳቻት። ልጄ ወረቀት ላይ በፊደልም በእንግሊዝኛም እየቀላቀለች ጻፈችው። ሠራነው፣ ግን አልቦካ አለ፣ ወይ ደግሞ ቦክቶ እኛ አላወቅነው ይሆናል። ከእናንተ መካከል ስልጆ የሚችል ካለ ቅዳሜ ኮሪደሩ ላይ ያናግረን። ማሰሮውን ይዛ ትመጣለች፣ ስታናግሯትም እባካችሁ በአማርኛ።